ሌሊት የሚቀሰቅስዎ ኩላሊት ነው ወይስ ልብ?

ውድ አንባቢ፣ እስቲ ለአንድ ሌሊት አብረን ወደ ሰቆጣ እንሂድ። ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍ ብላ በተቀመጠችው በዚህች የዋግ ኽምራ ከተማ የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። በአንዲት ቆርቆሮ ክዳን ቤት ውስጥ ባልና ሚስት ተኝተዋል። ባል ጋቢውን ገልጦ ይነሣል። በሩ ሲንሲያጠጥ ሚስት ትነቃለች።

"ደግሞ ልትወጣ ነው? አሁን አልነበር እንዴ የገባኸው?"

"ምን ላድርግ፤ ኩላሊቴን ብርድ መትቶታል" ይላታል።

ሲመለስ ያለከልካል። ልብስ ደራርቦ ትራሱን ከፍ ያደርግና ግድግዳውን ተደግፎ ይቀመጣል። ጋደም ሲል ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ቀና ሲል ይሻለዋል። ጠዋት ጫማውን ሲያጠልቅ ጫማው ጠቦታል። ሚስት ነገሩ ያሳስባታል፤ ግን "ብርድ ነው" ከተባለ ምን ትላለች? ዝንጅብል አፍልታ ትሰጠዋለች፤ ትጸልይለታለች፤ ቀኑም ይመሻል።

ይህን ቤት ያነሣነው ለምሳሌ ነው። ሆኖም የሚመስለው ቤት በሰቆጣም፣ በጎንደርም፣ በአዲስ አበባም አይጠፋም። ምናልባት የእርስዎ ቤት ሊሆን ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ልንነግርዎ የምንፈልገው ነገር አንድ ነው። ብዙ ጊዜ "ኩላሊት ነው" የምንለው የሌሊት ሽንት አንዳንድ ጊዜ የሚጀምረው ከልብ ነው። ልብ ሲለጠጥ ኩላሊት ይሰማል። ይህን ማወቅ ደግሞ የትዳር ጓደኛን ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል።

ሁለቱ ጎረቤታሞች

መጽሐፍ ቅዱስን የሚያነብ ሰው ልብና ኩላሊት አብረው ሲጠሩ ደጋግሞ ያገኛል፤ በመዝሙረ ዳዊትም በትንቢተ ኤርምያስም ይህ አለ። እርግጥ ነው፣ እነዚህ ክፍሎች የሚናገሩት ስለ ሰው ውስጣዊ ሐሳብ እንጂ ስለ ሕክምና አይደለም፤ ያልተጻፈውን ልናስነብባቸው አይገባም። ነገር ግን ሳይንስ ከብዙ ዘመን በኋላ እነዚህ ሁለቱ የአካል ክፍሎች በእውነትም ቀንና ሌሊት እንደሚነጋገሩ ማወቁ የፈጣሪን ሥራ እንድናደንቅ ያደርገናል።

ልባችን አራት ጓዳዎች አሉት። ሁለቱ የላይኛ ጓዳዎች ስስ ግድግዳ ያላቸው ደም ተቀባዮች ናቸው። ሁለቱ የታችኛ ጓዳዎች ደግሞ ወፍራም ጡንቻ ያላቸው ደም ገፊዎች ናቸው። ከመላው አካል የተመለሰው ደም መጀመሪያ የሚያርፈው በላይኞቹ ጓዳዎች ነው። ስለዚህ በሰውነት ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሲበዛ መጀመሪያ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው፤ ግድግዳቸው ስስ በመሆኑ እንደ ፊኛ ይለጠጣሉ።

ኩላሊቶቻችንስ? ሁለቱ ኩላሊቶች በአንድ ቀን ወደ 180 ሊትር የሚጠጋ ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ። ይህ ዘጠኝ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ማለት ነው! በዋግ ገደላገደል ውኃ በጀርባዋ የምታመላልስ እናት የዚህን ክብደት ታውቀዋለች። ከዚህ ሁሉ ውስጥ 99 በመቶ ያህሉን ኩላሊት ወደ ደም ይመልሰዋል። በሽንት የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ነው። እንግዲህ ኩላሊት ምን ያህሉን እንደሚመልስ፣ ምን ያህሉን እንደሚያስወጣ የሚነግረው ያስፈልገዋል። ከነጋሪዎቹ አንዱ ልብ ነው።

መልእክቱ እንዴት ይደርሳል?

የላይኛው የልብ ጓዳ ሲለጠጥ መልእክት የሚልከው በሁለት መንገድ ነው።

የመጀመሪያው መንገድ ሆርሞን ነው። በላይኞቹ ጓዳዎች ጡንቻ ውስጥ ጥቃቅን ከረጢቶች አሉ። ጓዳው ሲለጠጥ ከእነዚህ ከረጢቶች አንድ ሆርሞን ወደ ደም ይለቀቃል፤ በሕክምና ቋንቋ ኤትሪያል ናትሪዩሬቲክ ፔፕታይድ ይባላል። በደም ተጉዞ ኩላሊት ሲደርስ ሦስት ነገር ያደርጋል። ወደ ኩላሊት ማጣሪያ የሚገባውን የደም ስር ያሰፋል፤ ስለዚህ ብዙ ፈሳሽ ይጣራል። ኩላሊት ጨውን ወደ ደም እንዳይመልስ ይከለክላል። ጨው እንዲጠራቀም የሚያዙትን ሌሎች ሆርሞኖችም ዝም ያሰኛል። ጨው በሄደበት ውኃ ይከተላልና ሽንት ይበዛል፤ የልብም ጫና ይቀልላል።

ሁለተኛው መንገድ ነርቭ ነው። በጓዳው ግድግዳ ውስጥ መለጠጥን የሚያውቁ የነርቭ ጫፎች አሉ። እነርሱ ወደ አንጎል "ፈሳሽ በዝቷል" ብለው ያሳውቃሉ። አንጎልም ውኃ በሰውነት እንዲቀር የሚያደርገውን ሆርሞን ይቀንሳል፤ ሽንቱም የቀጠነና የበዛ ይሆናል። ይህ የነርቭ መንገድ በውሻ ላይ ጠንከር ብሎ የታየ ሲሆን በሰው ላይ ግን ከዚያ የደከመ ነው።

ይህን ስንሰማ የሰቆጣን ታሪክ ማስታወስ ደስ ይላል። በቀድሞ ዘመን ሰቆጣ ከታወቀችባቸው ነገሮች አንዱ የጨው ገበያዋ ነበር። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ የመጣው አሞሌ በጭነት ከብት ተጭኖ ከዚህ ይደርስ ነበር፤ አሞሌውም እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። ጨው ውድ ነገር ነውና ሰውነታችንም በከንቱ አይጥለውም። ሲበዛ ግን የሚያስወጣበት በር ሊኖረው ይገባል፤ ለዚያ በር ቁልፍ ከያዙት አንዱ ልብ ነው።

ይህ ነገር እንዴት ታወቀ?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1956 ጄምስ ሄንሪ፣ ኦቶ ጋውርና ባልደረባቸው አንድ ሙከራ አደረጉ። በውሻ ልብ ግራ የላይኛ ጓዳ ውስጥ ትንሽ ፊኛ አስገብተው ሲነፉት የውሻው ሽንት ጨመረ። ፊኛው ሲተነፍስ ሽንቱ ቀነሰ። በዚያው ዓመት ብሩኖ ኪሽ የተባለ ተመራማሪ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የልብን የላይኛ ጓዳ ሲመለከት እነዚያን ጥቃቅን ከረጢቶች አየ። ምን እንደሚሠሩ ግን አልታወቀም።

ምላሹ የተገኘው ከ25 ዓመት በኋላ ነው። አርጀንቲና ተወልዶ በካናዳ ይሠራ የነበረው አዶልፎ ዴ ቦልድ ከባልደረቦቹ ጋር የአይጥን ልብ የላይኛ ጓዳ ፈጭቶ ጭማቂውን ለሌሎች አይጦች በደም ስር ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1981 ያሳተሙት ውጤት ብዙዎችን አስገረመ። በሽንት የሚወጣው ጨው ከ30 እጥፍ በላይ፣ የሽንቱ መጠን ደግሞ ወደ 10 እጥፍ ጨመረ። ከታችኛው ጓዳ የተወሰደው ጭማቂ ግን እንዲህ አላደረገም። ደም መግፊያ ብቻ ይመስል የነበረው ልብ ሆርሞን አመንጪ ዕጢም ሆኖ ተገኘ። በ1988 ደግሞ የጃፓን ተመራማሪዎች የዚህን ሆርሞን ወንድም አገኙ። ዛሬ ሐኪሞች የዚህን ሁለተኛውን ሆርሞን መጠን በደም ምርመራ እያዩ የልብን ድካም ለመለየት ይጠቀሙበታል።

በየቀኑ ያዩት ነገር ነው

ውድ አንባቢ፣ ይህ የላቦራቶሪ ወሬ ብቻ አይምሰልዎ። ሳያውቁት በራስዎ አካል አይተውታል።

በተከዜ ወይም በሌላ ወንዝ የዋኘ እረኛ ሁሉ ውኃው እስከ አንገቱ ሲደርስ ሽንቱ እንደሚመጣ ያውቃል። ውኃው እግርንና ሆድን ከውጭ ስለሚጫን ደም ወደ ደረት ይሰበሰባል፤ የልብ ጓዳ ይለጠጣል፤ ኩላሊትም ይታዘዛል።

በብርድም እንዲሁ ነው። ብርድ ሲሆን የቆዳ ደም ስሮች ይጠባሉ፤ ደሙ ወደ መሐል አካል ይሸሻል። ስለዚህ አባቶቻችን "ብርድ ሽንት ያበዛል" ማለታቸው ትክክል ነው። ስሕተቱ የሚመጣው ሁሉንም ነገር በብርድ ስናሳብብ ነው። ብርድ ሽንት ያበዛ ይሆናል እንጂ እግር አያሳብጥም፤ ጋደም ሲሉም ትንፋሽ አያሳጥርም።

ቆመን ስንውል ከግማሽ ሊትር ያላነሰ ደም ወደ እግር ይወርዳል። ስንተኛ ወደ ደረት ይመለሳል። ጤነኛ ሰው ይህን በቀላሉ ይችለዋል። ቀን ሙሉ በእግሩ ውኃ ያቆረ ሰው ግን ሲተኛ ያ ውኃ ቀስ በቀስ ወደ ደም ይገባል። የላይኛው ጓዳ ይለጠጣል፤ ሌሊቱም በመውጣትና በመግባት ያልፋል።

የልብ ምት በድንገት ያለ ምክንያት እየፈጠነ የሚመጣባቸው ሰዎችም አሉ። ከዚያ በኋላ እንደ ውኃ የነጣ ብዙ ሽንት ይሸናሉ። እንዲህ ያለ ነገር ከገጠመዎ ለሐኪም ሲያስረዱ ሽንቱንም ጨምረው ይናገሩ፤ ለሐኪሙ ጥሩ ፍንጭ ነው።

ማንኮራፋትም ከዚህ ጋር ይያያዛል። አንዳንድ ሰው በእንቅልፉ እያንኮራፋ ጉሮሮው ተዘግቶ ትንፋሹ ለአፍታ ይቆማል፤ ከዚያ አፍኖት እንደነበረ ሁሉ በኃይል ይተነፍሳል። በተዘጋ ጉሮሮ አየር ለመሳብ ሲታገል በደረቱ ውስጥ የሚፈጠረው ስበት የልብን ግድግዳ ይለጥጣል፤ ያው ሆርሞን ይለቀቃል። ይህን ደግሞ ራሱ የተኛው ሰው አያውቀውም። የምታውቀው ከጎኑ የተኛችው ሚስት ናት። እናንተ ሚስቶች ሆይ፣ በባል ማንኮራፋት ከመቀለድ ይልቅ ትንፋሹ ይቆም እንደሆነ አዳምጡ፤ ለሐኪምም ተናገሩ።

መልእክቱ ሳይሰማ ሲቀር

አሁን ወደ ሰቆጣው ቤት እንመለስ። የባልየው ልብ ደክሟል እንበል። የታችኛው ጓዳ ደምን በሚገባ መግፋት አቅቶታል፤ ወይም በግራ በኩል ባሉት ጓዳዎች መካከል ያለው በር ጠቧል። ደም ከላይኛው ጓዳ ይከማቻል፤ ጓዳው ይለጠጣል፤ ሆርሞኑም ይፈስሳል። ታዲያ ኩላሊት ለምን ፈሳሹን አውጥቶ አይጨርሰውም?

ችግሩ ይህ ነው። ልብ ሲደክም ወደ ኩላሊት የሚደርሰው ደም ያንሳል። ኩላሊትም "ሰውነት ውኃ ጠማው፤ ደም አነሰ" ብሎ ያስባል። ጨውና ውኃ እንዲጠራቀም የሚያዙት ሌሎቹ ሆርሞኖች ይነቃሉ። ልብ "አስወጣ" ሲል እነርሱ "ያዝ" ይላሉ። በመጨረሻ "ያዝ" የሚለው ያሸንፋል። ቀን ቀን ሽንት ያንሳል፤ እግር ያብጣል። ሌሊት ሲተኙ ኩላሊት ደም በርከት ብሎ ስለሚደርሰው ያቆየውን ያስወጣል። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ተቃራኒ ትእዛዝ ሲሰጥ የሚሆነውን ባለትዳሮች ታውቁታላችሁ!

ሽንት የሚያበዙ መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ ብዙዎች ላዚክስ ብለው የሚያውቁት ፉሮሴማይድ፣ የሚሰጡት በዚህ ምክንያት ነው። ልብ ያልቻለውን ትእዛዝ ለኩላሊት ያደርሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ በአሜሪካ ሳኩቢትሪል የተባለ መድኃኒት ከቫልሳርታን ጋር ተጣምሮ ተፈቀደ። ይህ መድኃኒት የልብ ሆርሞኖች ቶሎ እንዳይፈርሱ ያደርጋል፤ በሌላ አነጋገር ልብ ራሱ የሚልከው መልእክት እንዲቆይ ይረዳል።

ከጉሮሮ የሚጀምር ጉዳት

በአገራችን የወጣቶችን ልብ ከሚያደክሙት ዋነኞቹ በሽታዎች አንዱ የሚጀምረው ከልብ ሳይሆን ከጉሮሮ ነው። ልጅ በድንገት ጉሮሮው ይታመማል፤ ያተኩሰዋል፤ ከአንገቱ ሥር ንፍፊት ያወጣል። ሳል ላይኖረው ይችላል። ብዙ ጊዜ በራሱ ይተዋል። ነገር ግን ሕመሙ ስትሬፕቶኮከስ በተባለ ባክቴሪያ የመጣ ከሆነና ካልታከመ ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ ትኩሳትና ከመገጣጠሚያ ወደ መገጣጠሚያ የሚዞር ሕመም ሊያስከትል ይችላል። የሰውነት መከላከያ ባክቴሪያውን ሲዋጋ የራሱን የልብ በሮች ይጎዳል። ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች በብዛት ይጠቃሉ። ሩማቲክ የልብ ሕመም የሚባለው ይህ ነው። በሩ ሲጠብ ወይም በደንብ መዝጋት ሲያቅተው የላይኛው ጓዳ ከዓመት ወደ ዓመት እየተለጠጠ ይሄዳል።

በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ጉሮሮው የታመመን ልጅ እንጥሉን ማስቆረጥ ወይም ቶንሲሉን ማስቧጠጥ የቆየ ልማድ ነው። ወላጆች ይህን የሚያደርጉት ከፍቅር ነው። ነገር ግን እንጥል መቁረጥ ልብን ከዚህ በሽታ አያድንም፤ መድማትንና ሌላ ቁስለትን ግን ያመጣል። መፍትሔው ቀላል ነው። ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ በጤና ባለሙያ ትእዛዝ ፔኒሲሊን ከተሰጠ በሽታው ወደ ልብ እንዳይሻገር መከላከል ይቻላል። ልጁ ፔኒሲሊን የማይስማማው ከሆነ አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። በሽታው አንዴ የያዘው ልጅ ደግሞ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ለዓመታት መርፌ ይወስዳል። መርፌው የተበላሸውን በር አይጠግንም፤ ተጨማሪ ጉዳት እንዳይደርስ ይጠብቃል እንጂ። ስለዚህ "ደህና ሆኛለሁ" ተብሎ አይተውም።

በዋግ ኽምራ ይህን ማድረግ ከባድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ከሰቆጣ ወደ ዝቋላ፣ ወደ ሰሃላ ወይም ወደ አበርገሌ የሚወስደው መንገድ ገደልና ቆላ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ብዙ ቤተሰብ ከቀዬው ተፈናቅሏል። እንዲህ ባለ ጊዜ በየወሩ የሚወሰድ መርፌ መቋረጡ አይቀርም። የተቋረጠበት ሰው "ጊዜው አልፏል" ብሎ መቅረት የለበትም፤ በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም በሰቆጣ ወዳለው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ሄዶ "አቋርጬ ነበር" ብሎ መናገር ይችላል።

አገራችን በዚህ በሽታ ላይ የሠራቻቸው መልካም ሥራዎች አሉ። የሕፃናት የልብ ሐኪሙ ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናትን የሚረዳ ድርጅት መሠረቱ። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ2009፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከሉ ተከፈተ። በ2015 የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች ሩማቲክ የልብ ሕመምን ከአፍሪካ ለማጥፋት የወጣውን የአዲስ አበባ መግለጫ ተቀበሉ። በ2018 ደግሞ የዓለም ጤና ጉባኤ በዚሁ በሽታ ላይ ውሳኔ አሳለፈ። ይሁን እንጂ ከሰቆጣ እስከ አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ርካሹ ሕክምና በቀበሌው ጤና ጣቢያ በጊዜው የሚሰጠው ነው።

እርጉዝ ሚስት ያለችው ባል ይህን ያንብብ

የልቧ በር መጥበቡን ሳታውቅ ያገባች ወጣት ሴት ልትኖር ትችላለች። ማገዶ ስትሸከም ትደክማለች፤ "ሰነፍ" ትባላለች። ከዚያ ትፀንሳለች። በእርግዝና ጊዜ በሰውነት ያለው የደም መጠን ከ40 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል። ይህ ለጤነኛ ልብ የተሰጠ ጸጋ ነው፤ ለጠበበ በር ግን ጎርፍ ነው። የላይኛው ጓዳ ከአቅሙ በላይ ይለጠጣል፤ ፈሳሹም ወደ ሳንባ ይመለሳል። ከወለደች በኋላ ባሉት ሰዓታትና ቀናትም አደጋው ከፍተኛ ነው።

እርጉዝ ሴት ቶሎ ቶሎ መሽናቷ የተለመደ ነገር ነው፤ በዚህ ብቻ አትደንግጡ። ነገር ግን ጋደም ስትል ትንፋሽ ካጠራት፣ ሌሊት አፍኗት ከተነሣች፣ አረፋ ያለው ወይም ደም የቀላቀለ አክታ ከተፋች፣ ልቧ በኃይል ከመታ ነገ እንሄዳለን አይባልም። በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ትወሰድ። ትዳር የምትጀምሩ ወጣቶችም ከጋብቻ በፊት በምታደርጉት ምርመራ ሐኪሙ ልባችሁን እንዲያዳምጥ ጠይቁ። በልጅነቷ መገጣጠሚያ ሕመምና ትኩሳት የነበረባት እጮኛ ይህን መናገሯ ውርደት አይደለም። መስማትና አብሮ መመካከር የወደፊቱ ባል ድርሻ ነው።

በቤትዎ ምን ማድረግ ይችላሉ?

በመጀመሪያ፣ በሌሊት መነሣት ሁሉ የልብ ሕመም እንዳልሆነ ይወቁ። የስኳር በሽታ፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ በወንዶች ላይ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ የፕሮስቴት ማደግ፣ ማታ የተጠጣ ሻይና ቡናም ያስነሣሉ። ለመለየት የሚረዱ ቀላል ነገሮች እነሆ፦

1. መጠኑን ይለኩ። በአንድ ባዶ ሃይላንድ ላይ ምልክት አድርገው የቀኑንና የሌሊቱን ሽንት ለሁለት ቀን ለየብቻ ይለኩ። በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ከሆነ ችግሩ ከፊኛው ወይም ከፕሮስቴት ሊሆን ይችላል። የሌሊቱ ብዛት ከሃያ አራት ሰዓቱ አንድ ሦስተኛ በላይ ከሆነ ግን ልብንም ማስመርመር ተገቢ ነው።

2. እግርዎን ይጫኑ። ማታ የቅልጥምዎን አጥንት በአውራ ጣት ለጥቂት ሰከንድ ይጫኑ። ጎድጉዶ ከቀረ ውኃ አቁሯል ማለት ነው።

3. ትራስ ይቁጠሩ። በፊት በአንድ ትራስ ይተኛ የነበረ ሰው አሁን ሁለትና ሦስት ካስፈለገው ለሐኪም ይናገር።

4. ሚዛን ካለ ጠዋት ጠዋት ይመዘኑ። በሦስት ቀን ውስጥ ከሁለት ኪሎ በላይ መጨመር ስብ ሳይሆን ውኃ ነው።

5. ጨው ይቀንሱ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። የልብ ሕመምተኛ ላለበት ቤት ወጡ ላይ ጨው የምትጨምረው እጅ መድኃኒት ቀማሚ ናት ቢባል ማጋነን አይደለም።

6. ሽንት የሚያሸና መድኃኒት የታዘዘልዎ ከሆነ አይዝለሉት። ብዙዎች ወደ ገበያ ወይም ወደ ጸሎት ቤት ሲሄዱ "በመንገድ እንዳልቸገር" ብለው ይተዉታል። ከመተው ይልቅ ሰዓቱን ማዛወር ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ። ቤተ ክርስቲያናትም ብትሆኑ ለእነዚህ ሰዎች በበሩ አጠገብ መቀመጫ ብታዘጋጁላቸው ትልቅ ፍቅር ነው።

7. ሽንትን በመፍራት ውኃ መጠጣት በራስዎ አያቁሙ። ምን ያህል መጠጣት እንዳለብዎ ሐኪም ይንገርዎ።

8. በጾም ጸሎት ጊዜም እንዲሁ። የልብ መድኃኒት እየወሰዱ ያለ ውኃ መዋል አደገኛ ሊሆን ይችላል። አስቀድመው ሐኪምዎን ያማክሩ።

ጸሎትና ኪኒን

አንድ ነገር በግልጽ እንነጋገር። አንዳንድ ወገኖች ከተጸለየላቸው በኋላ መድኃኒታቸውን ይጥላሉ። መድኃኒት መውሰድ የእምነት ማነስ ይመስላቸዋል። በልብ ሕመም ላይ እንዲህ ማድረግ በሳምንታት፣ አንዳንዴም በቀናት ውስጥ እግርን ያሳብጣል፤ ሳንባን በውኃ ይሞላል። ለተፈወሰ ሰው መመርመር ምን ያስፈራዋል? ወደ ሐኪሙ ሄዶ ልቡን ያሳይ፤ መድኃኒቱ ይቁም የሚለውን ሐኪሙ ይናገር። የምስክርነቱ ቃልም ያን ጊዜ የበለጠ ይጸናል። የምትጸልዩ አገልጋዮችም "መድኃኒትህን ጣል" የሚል ቃል ከአፋችሁ እንዳይወጣ አደራ።

ቃል ኪዳን

የሰቆጣ ስም በመላው አገሪቱ ከአንድ ቃል ኪዳን ጋር ይጠራል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2015 "የሰቆጣ ቃል ኪዳን" ብሎ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር በ2030 ለማጥፋት ቃል ገባ። ያ ትልቅ ቃል ኪዳን ነው። ባለትዳሮች ደግሞ በሠርጋችሁ ቀን በጤናም በሕመምም ልትተሳሰቡ የገባችሁት ሌላ ቃል ኪዳን አለ።

እስቲ በዚያ ቤት ሌሊቱን እንደ ገና እናስበው። ዘጠኝ ሰዓት ነው። ባል ይነሣል፤ በሩ ይንሲያጠጣል። ሚስት ግን አሁን ታውቃለች። ፋኖሱን ታበራለች፤ እግሩን በአውራ ጣቷ ትጫናለች፤ ጣቷ ጎድጉዶ ይቀራል። "ይህ ብርድ አይደለም" ትለዋለች። "ጠዋት አብረን እንሄዳለን።" እርሱም "ሥራ አለብኝ" ማለት ይከጅለዋል። ፊቷን ያይና ዝም ይላል። ሲነጋ ሁለቱም ነጠላና ጋቢያቸውን ተከናንበው ዳገቱን በቀስታ ይወጣሉ፤ እርሱ ባረፈ ቁጥር እርሷም ትቆማለች።

ውድ አንባቢ፣ ዛሬ ማታ ከመተኛትዎ በፊት ባለቤትዎን ይጠይቁ፦ "ሌሊት ስንት ጊዜ ትነሣለህ? ስትተኚስ ትንፋሽ ያጥርሻል?" ምላሹን በትዕግሥት ይስሙ። ልብ ለኩላሊት የሚናገረውን እኛ በጆሯችን አንሰማውም፤ ከጎናችን የተኛውን ሰው ግን መስማት እንችላለን።

ሰላምና ጤና ለቤታችሁ ይሁን።